በመምሬ ስም የተቀዳ ደም

ኃይለመስቀል ደም ሲቀዳ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ዝግታው ነው። እኔ ገሠሠ በጥድ አፋፍ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። የላብራቶሪው በር ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስለነበር ሰውየውን ከሚስቱ ይልቅ ያየሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሰልፍ ያልነበረበትን ቀን በጣቴ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ። ሰልፉ የሚረዝመው በሽተኛ ስለሚበዛ ብቻ አይደለም፤ ኃይለመስቀል የሰው ክንድ ይዞ ማሰብ ስለሚወድ ነው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ደም ነው የምትቀዳው ወይስ ጠላ ነው የምትጠምቀው?» እለው ነበር በመስኮቴ ብቅ ብዬ።

«ጠላ ቢሆን እቸኩል ነበር። ቢበላሽ የምትጠጣው አንተ ነህ» ይለኛል፣ ቀና ሳይል።

የግሼ ሰው ነው፣ ከራቤል ወዲያ። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ ሦስት ዓመት ቀድሷል። አባቱ ሲሞቱ መሬቱ ለታላላቆቹም አልበቃ ስላለ ከተማ ወረደና አንድ ሆስፒታል ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆነ። ከወለል ጠራጊነት ወደ ቁስል አጣቢነት፣ ከዚያም ወደ ላብራቶሪ ኮርስ ያሻገረው እጁ ነው፤ አንድ ነገር ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት እኛ ጋ ሲመደብ ማይክሮስኮፑን በሱፍ ባና ጠቅልሎ ከዘመሮ ድረስ በጀርባው አዝሎት መጣ። በቅሎ አጥቶ አይደለም፤ ትሰናከላለች ብሎ ሰግቶ ነው። ሚስቱ አልጣሽ በበቅሎዋ ተቀምጣ እሱ ሸክሙን አዝሎ ከኋላ ሲከተል ያየ ያገር ሰው ስንት ቀን ሳቀ።

አሠራሩን ከማየት ብዛት እኔም አውቀዋለሁ። የመንዝ ብርድ ደም ሥርን ይደብቃል፤ ከሌሊት ጀምሮ በጭጋግ ሲጓዝ የመጣ ገበሬ ክንዱ እንደ ድንጋይ ነው። ኃይለመስቀል መጀመሪያ በላምባ ምድጃው ላይ ውሃ ለብ ያደርግና «እጅዎን ይንከሩ» ይላል። ሽማግሌዎቹ «ደግሞ ልታጥበን ነው?» እያሉ ይስቁበታል። እጁ ሲሞቅ ከክርኑ አራት ጣት ከፍ አድርጎ ቀዩን ጎማ ያስራል፤ ሥሩን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ይፈልጋል። ጎማው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሥሩ እምቢ ካለ ይፈታና ሌላውን ክንድ ያያል እንጂ አንዱን ክንድ ደጋግሞ አይወጋም። በአልኮል ይጠርግና እስኪደርቅ ይጠብቃል። ይህ ነበር ሰልፉን የሚያሳብደው። «ምን ይጠብቃል ይሄ ሰው?» ይላሉ። የሚጠብቀው አልኮሉን ነው፤ ካልደረቀ ቁስሉን ያቃጥላል፣ ደሙንም ያበላሻል።

ከዚያ የመርፌውን ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጎ ጋደም አድርጎ ያስገባዋል። ሲስብ በቀስታ ነው። ጎማውን ከፈታ በኋላ መርፌውን ያወጣና ጥጥ አስይዞ «ክንድዎን አይጠፉ፣ ዘርግተው ይጫኑት» ይላል። ደሙን ወደ ብልቃጥ ሲገለብጥ መርፌውን ነቅሎ በጎን በኩል ያንሸራትተዋል። የቸኮለ ሰው በመርፌው ቀዳዳ ሲገፋው ደሙ ይሰበራል ይል ነበር፤ የተሰበረ ደም ደግሞ የሌለ በሽታ ያወራል፣ ያለውን ይሰውራል። ማታ ማታ መርፌዎቹን ሃያ ደቂቃ ይቀቅላል፤ ጫፋቸውን በጥጥ ላይ እያስኬደ ክር የሚጎትተውን ለይቶ በድንጋይ ይስለዋል። በዘመኑ ተጠቅመው የሚጥሉት መርፌ የት ነበረና!

አንዳንድ ጊዜ ለልምምድ ተማሪዎች ይላኩለታል። ለእነሱ ስለ መርፌ ከማውራቱ በፊት ስለ ስም ያወራ ነበር።

«በሽተኛውን ስሙን ጠይቁት እንጂ ስሙን አታጉርሱት» ይላቸዋል። «‹እገሌ ነዎት?› ካላችሁት ‹አዎን ጌታዬ› ይላችኋል። ይህ አገር ወረቀት የያዘ ሰው ለጠየቀው ሁሉ አዎን ማለት የለመደ ነው። ‹ስምዎ ማነው? የአባትዎስ?› በሉ። እሱ ይናገር፣ እናንተ ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ክንዱን ሳትለቁ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ብልቃጡ ላይ ጻፉ። ተነስቶ ከሄደ በኋላ የሚጻፍ ስም የግምት ስም ነው።»

«ብንረሳስ ጋሼ?» አለው አንዱ።

«መርፌ የሳተ እንደገና ይወጋል። ስም የሳተ ግን መሳቱንም አያውቀው።»

እኔ በመስኮቴ ይህን ስሰማ ነገር ማክበድ ነው ብዬ እስቅ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ወደ ሰባ ስድስት ልምጣ። በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። መንዝ ያለ በልግ ገብስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያታክታል። በጎቹ ከሱ፤ ሰው ከየቀዬው እየተነሳ ዘመድ ወዳለበት መጠጋት ጀመረ፤ በአንድ ጎጆ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ዝተት ስር ያድር ጀመር። ዝተትና በርኖስ ብርድ ይከላከላሉ፤ ቅማልንም ያሞቃሉ። በሐምሌ ግርሻ ገባ። ግርሻ በቅማል የሚመጣ ትኩሳት ነው። አምስት ስድስት ቀን እንደ ምድጃ ያነድና በላብ ይለቃል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ከተነሳ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይጥለዋል። ትኩሳቱ እያለ ደሙ ከታየ ትሉ በማይክሮስኮፕ ሲተራመስ ይገኛል። ከተገኘ በአንድ መርፌ መድኃኒት ይድናል። ሳይታወቅ ከዘገየ ግን ጉበትና ልብ ድረስ ይደርሳል።

ስለዚህ በቀን ከሰማንያ ሰው በላይ ኃይለመስቀል በር ላይ ይቆም ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አሥራ አራት መርፌ። ዓይኑ ቀላ። ምሳውን ቆሞ ይበላ ጀመር፤ ኋላ መብላቱንም ተወው። ደግሞ ይህ ሁሉ ሳይበቃ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ነበረብን። ካድሬው በሳምንት ሦስቴ ይሰበስበናል። የነሐሴ አንድና ሁለት ስብሰባ ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀ፤ በአዳራሹ ስንፈክር ላብራቶሪው ተዘግቶ፣ በሽተኛው በዝናብ ግቢው ውስጥ ተኮራምቶ ዋለ። ሲስተር ተሾመች፣ ኃላፊያችን፣ በዕረፍት ሰዓት እየሮጠች የባሰበትን ታይ ነበር።

በዚያ በሁለተኛው ቀን መምሬ ወልደ ጻድቅ መጡ። ከጥድ አፋፍ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለው የእመቤታችን ደብር ቄስ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፅ ከፍ የማያደርጉ፣ ስድስት ልጆች ያሏቸው። ትኩሳቱ ከጀመራቸው ሁለተኛ ቀን ነበር። ሲስተር ተሾመች አየቻቸውና ግርሻ ጠረጠረች፤ ካርዳቸው ላይ ጽፋ «ነገ በጠዋት መጥተው ደም ይስጡ መምሬ» አለቻቸው።

«ደም?» አሉ። «ፍልሰታ እኮ ነው ልጄ። ደብራችን ሁለት ቄስ ነን፤ ባልንጀራዬ ተኝቷል። እኔ ደም ፈሶኝ መቅደስ ካልገባሁ ቅዳሴው ይታጎላል።»

«ጠብታ ናት መምሬ።»

«ጠብታም ደም ነው።»

ሲስተር፣ ካድሬው በበሩ ላይ ቆሞ ስለጠራት፣ ነገሩን ሳትጨርሰው ወደ ስብሰባው ሄደች። ማን ይፈርድባታል? እሷም ከሌሊት ጀምራ በእግሯ የቆመች ሰው ነበረች።

በማግስቱ፣ ነሐሴ ሦስት፣ የሁለቱ ቀን በሽተኛ ከሦስተኛው ቀን ጋር ተደርቦ ግቢው ሞላ። በመስኮቴ በኩል እጅ በእጅ ላይ ሲዘረጋ ማንን ቀድሜ እንደማስተናግድ ጠፋኝ። ከእጆቹ አንዱ የመምሬን የካርድ ቁጥር የያዘ ነበር። ቀና ስል ጫኔ ነው፤ የመምሬ ታናሽ ወንድም፣ ባና ሸማኔ። ጫኔን በደንብ አውቀዋለሁ። ወንበሬ ላይ የተነጠፈው ባና የእጁ ሥራ ነው።

«የወንድሜን ካርድ» አለኝ።

መምሬ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ከዝናብ ተጠልለው ተቀምጠዋል፣ እሱ ተሰልፎላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለቴ ራሱ ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም። ካርዱን አውጥቼ ሰጠሁትና ወደሚቀጥለው እጅ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ጫኔ ካርዱን ይዞ በላብራቶሪው ሰልፍ ራሱ ሲቆም አይቼዋለሁ። በርኖሱን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ነበር። ለመጠየቅ ከወንበሬ መነሳት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም።

ቀጥሎ የሆነውን ኃይለመስቀል ራሱ ነው የነገረኝ። ስድሳኛው ይሁን ሰባኛው ሰው አያስታውስም። ሰውየው ገባ፣ ካርዱን አስቀመጠ፣ ክንዱን ዘረጋ። ኃይለመስቀል ውሃውን አሞቀለት፣ ጎማውን አሰረ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ደሙንም አንዲት ጠብታ ሳትሰበር ቀዳ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገ። ብቻ ካርዱን አንስቶ አነበበና «ወልደ ጻድቅ?» አለ።

«አዎን ጌታዬ» አለ ጫኔ።

ስሙን ብልቃጡ ላይ ጻፈው። ደሙ ንጹሕ ነበር፤ ጫኔ በሽታ አልነበረበትማ። ሲስተር ተሾመች ሰውየውን ሳታይ ውጤቱን ብቻ አይታ ተራ የብርድ ትኩሳት ነው ብላ ኪኒን ጻፈችና ጫኔ ለወንድሙ ይዞለት ሄደ። በነሐሴ ሰባት የመምሬ ትኩሳት በላብ ለቀቀ። ደብሩ ሁሉ እመቤታችን አዳነችልን አለ። መምሬም ፍልሰታን በየቀኑ ቀደሱ፤ ሕዝቡም ቆረበ።

ነሐሴ አሥራ አራት ተመልሶ ጣላቸው። በአሥራ አምስት ጠዋት በቃሬዛ አመጧቸው፤ አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጫኔ ከፊት እያለቀሰ፣ ሚስታቸው አመተሥላሴ ከኋላ። ዓይናቸው እንደ ኮሶ አበባ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ያን ቀን ዝናቡ ስለከፋ ሰልፍ የለም፤ ኃይለመስቀል ከበሩ ወጥቶ ራሱ ተቀበላቸው። ቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከና ጎማውን ሳያነሳ ጠየቀ።

«ስምዎ ማነው አባቴ?»

«ወልደ ጻድቅ» አሉ፤ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ኃይለመስቀል ገብቶ መዝገቡን ይዞ ተመለሰ። ፊቱ ሲለወጥ ከመስኮቴ አየሁት።

«መምሬ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ከርስዎ ደም ወስጃለሁ። ንጹሕ ነበር።»

«ከኔ?» አሉ። «ከኔ ደም የወሰደ የለም ልጄ። እኔ ያን ቀን መቅደስ ነበርኩ።»

ጫኔ በርኖሱን በጥርሱ ነክሶ ቆሞ ነበር። ኋላ ግራ ክንዱን ከበርኖሱ አወጣና ዘረጋው፤ ዛሬም የሚቀዳለት ይመስል።

«ከዚህ ነው የቀዳኸው» አለ። «የአንድ እናትና ያንድ አባት ልጆች ነን፤ ደማችን አንድ ነው ብዬ ነው። እሱ ቅዳሴውን እንዳያስታጉል፣ የኔ ቢታይ የሱ የታየ መስሎኝ ነው። አልዋሸሁም እኮ! አንድ ጡት ነው የጠባነው!»

ማንም አልሳቀበት። በእኛ አገር ደም አንድ ነው ማለት የእምነት ያህል ነው። ርስት የሚካፈለው በዚያ ነው፤ ጋብቻ የሚከለከለው በዚያ ነው፤ ሰው ቢገደል የሚበቀለው በዚያ ነው። ጫኔ ከዚያ ውጭ ሌላ ደም አያውቅም።

ኃይለመስቀል የመምሬን ክንድ በሁለት እጁ አሞቀና ደሙን ቀዳ። ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያየው ብዙም መፈለግ አላስፈለገውም፤ ትሉ ሞልቶታል። ሲስተር መድኃኒቱን ወጋቻቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከባድ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ይህ መድኃኒቱ ሲሠራ የሚመጣ ነው፤ ጠንካራ ሰው ይችለዋል። እሳቸው አሥራ አምስት ቀን እየጾሙ ሲቀድሱ የከረሙ ሰው ናቸው። ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ዐረፉ።

አመተሥላሴ ስትጮህ እኔ ካርዳቸውን በእጄ ይዤ ነበር። ምን ላድርገው? የሞተ ሰው ካርድ የሚቀመጥበት መሳቢያ ነበረን፤ እዚያ ከተትኩት።

ኃይለመስቀልን ከግቢው ጀርባ ግንቡን ተደግፎ አገኘሁት። አያለቅስም። «ዲያቆን ነበርኩ እኮ ገሠሠ» አለኝ። «ችግሩን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስሙን ብጠይቀው ኖሮ ጫኔ ነኝ ይለኝ ነበር። ለምን መጣህ ብለው ይነግረኝ ነበር። ቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ሄጄ ከጣታቸው አንዲት ጠብታ እወስድላቸው ነበር። በማግስቱ ቁስሉ ደርቆ ይቀድሱ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ ነገር አያስፈልገውም ነበር።»

እኔ ምን አልኩት? «ቀናቸው ደርሶ ነው» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው የሚናገረው ሌላውን ለማጽናናት አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ግምገማ ተጠራ። እጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ካድሬው መሐል ተቀመጠ፤ ሲስተር ተሾመች በቀኙ። ኃይለመስቀል ግድግዳውን ተጠግቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

ካድሬው ነገሩን ከመጀመሪያውም ጨርሶት ነበር። «ይህ የኋላ ቀር ልማድ ውጤት ነው» አለ። «ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ አታሏል፤ ሰውም ሞቷል። ለገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ይቅረብና ይታሰር። ለሌላው ማስተማሪያ ይሆናል።»

ሲስተር ተሾመች አንገቷን ደፍታ «በቤተሰቡ መታለል ምክንያት ተብሎ ይያዝ» አለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ኃይለመስቀል ከሄደ ሰማንያ ሰው ማን ሊመረምርላት ነው? ነገሩም በዚያ ቢያበቃ ሁላችንም እንድን ነበር፤ ከጫኔ በስተቀር።

«ሰውየው አላታለለኝም» አለ ኃይለመስቀል። «አታሎኛል የሚባለው ስሙን ጠይቄው ሲዋሸኝ ነው። እኔ አልጠየቅሁትም። ስሙን ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ዋጠው።»

«ጓድ፣ አስብበት» አለው ካድሬው።

«አስቤበታለሁ። ወንድሙን ቀብሯል። አሁን ደግሞ ገዳይ ተብሎ ቢታሰር ለመምሬ ስድስት ልጆች የሚያርስላቸው ማነው? ስህተቱ የሙያ ነው። የሙያው ሰው እኔ ነኝ።»

ካድሬው ተቆጣ፤ ነገር ግን ሰው ጥፋተኛ ነኝ ሲል የሚያደርገው ጠፋው። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አላየም። ያኔ ነው ሲስተር ተሾመች ቀና ብላ የጠየቀችው።

«ካርዱንስ? የመምሬን ካርድ ለሌላ ሰው ያወጣለት ማነው?»

ብዕሬ ቆመ። ኃይለመስቀል ወደ እኔ አላየም።

«ካርድ የሚወጣው በቁጥር ነው» አለ። «ካርድ ክፍል የሰው ፊት አይመረምርም። ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ካድሬው «ይጻፍ» አለኝ። ጻፍሁ። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቴ፣ የላብራቶሪ ሠራተኛው በቸልተኝነት የበሽተኛውን ማንነት ባለማጣራቱ አንድ ሰው ሊሞት ችሏል ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ እሱ ፈረመ፤ ጸሐፊ ነኝና እኔም ፈረምኩ።

ቅጣቱ ወደ ቆላ መዛወር ሆነ፤ ወደ መርሐቤቴ ወርዶ ጀማ ወንዝ ዳር ወዳለ የወባ ጣቢያ። ደጋ ተወልዶ ደጋ ላረጀ ሰው ያ እስራት ነው። የሄደው በጥቅምት ነው። አልጣሽ ከጎረቤት ጋር ዕቃውን በበቅሎ ላይ ስታስር እኔ መጫኛ ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር፤ የሚረዳ መስዬ።

«ኃይሌ» አልኩት፣ ከበቅሎዋ ጀርባ ብቻውን ሳገኘው። «ጫኔን አውቀው ነበር። ካርዱን ስሰጠው አውቄው ነው። ሰልፍ ላይ ሲቆምም አይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ባናህን ሲያመጣልህ አብሬህ ነበርኩ እኮ። ክንዱን ስይዝ እኔም ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ጭነቱን ጠበቅ አድርጎ አሰረ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ደክሞት ነው። «ለአንድ ሞት ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?» አለ። «እኔ ሄድኩ። አንተም ብትሄድ በማግስቱ ካርዱን ማን ያወጣል? ሲስተርን አየሃት፣ በቁሟ አለቀች። ደክሞህ ነበር ገሠሠ። እኔም ደክሞኝ ነበር።»

እንዲህ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ብሰደብ፣ ብመታ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ወሬውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወደ እኛ ከተመደበች አንዲት ወጣት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ጀማ ዳር ልምምድ ስትወጣ ያስተማራት እሱ ኖሯል። ወባው አክስቶታል፣ እጁ ግን ዛሬም አይንቀጠቀጥም አለችኝ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መርፌ ከማስያዙ በፊት አስቀምጦ ስለ አንድ ቄስ ይነግራቸዋል። በነሐሴ ሰባ ስድስት፣ ጥድ አፋፍ በሚባል አገር፣ እኔ ኃይለመስቀል ስሙን ሳልጠይቅ በቀዳሁት ደም ሰው ገድያለሁ ይላቸዋል። እሷ ስትነግረኝ እያደነቀችው ነበር። «ሌላ ሰው ቢሆን በሌላው ላይ ያላክክ ነበር፤ እሱ ግን የማንንም ስም አያነሳም» አለችኝ።

«አያነሳም» አልኳት።

ካርዷን አውጥቼ ሰጠኋት፤ የዚያን ቀን እሷም ጉንፋን ይዟት ልትታይ ነበር የመጣችው። ስሟን ጠየቅኋት። የምታውቀኝ ልጅ ናትና ሳቀች። እኔ ግን እስክትናገር ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ሁሉንም እንዲሁ ነው የጠየቅሁት፤ ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም። ሁለት ሰው ደክሞት ነበር። የአንዱ ድካም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ተፈርሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸከመው። የሌላውን ድካም ጸሐፊው ዘለለው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።